ገና ሮዳጅ ላይ ናት

በእኛ ከተማ ሰዓት የሚነግረን የመኪና መገጣጠሚያው ሳይረን ነው። ጠዋት ሲጮህ ሻይ ቤቶች ይከፈታሉ፤ ቀትር ላይ ሲጮህ ድስት ይወርዳል፤ አመሻሽ ላይ ሲጮህ ደግሞ ሚስቶች ባሎቻቸው መቼ ቤት መግባት እንዳለባቸው ያሰላሉ። ፋብሪካው ሲያስነጥስ ከተማው «ይማርህ» ይላል። የደሞዝ ሰሞን ቲማቲም እንኳ ሰምቶ ይወደዳል። ቱታ ሰፊው፣ ቤት አከራዩ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሁሉም ጉሮሮ የሚዘጋውም የሚከፈተውም በዚያ በር ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ከላይ የመጡ ሹም አዳራሽ ውስጥ ቆመው አካባቢያችን በመኪና ብዛት አንደኛ መሆኑን ያበስሩናል። ከፋብሪካው በር የወጣ መኪና ሁሉ የእኛ ተብሎ ይቆጠራል። ለነዋሪው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ይደርሰዋል የተባለ ዕለት፣ ጎማ ገጣሚ ስለሆነ «ጎማው» የምንለው ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እስቲ ቤት ስገባ አልጋ ሥር ልይ» አለኝ። መኪኖቹማ በየቀኑ በተሳቢ ተጭነው፣ መብራታቸውን ወደ እኛ እንዳፈጠጡ፣ ወደማናውቀው ከተማ ይሄዳሉ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል። እኛስ ገሉም አልደረሰን።

የምነግራችሁ ስለ ጋሽ ባለመሪ ነው። ጋሽ ባለመሪ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በዚያ ፋብሪካ የሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ መሪ ይገጥማሉ። መኪናዋ በሰንሰለት እየተጎተተች ፊታቸው ስትደርስ ገብተው ይቀመጣሉ፤ መሪውን ያስገባሉ፣ ያጠብቃሉ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙረው ይሞክራሉ፣ ይወርዳሉ። ሌላዋ ትመጣለች። በዕድሜያቸው የጨበጡት መሪ ቢደረደር ከተማውን ዞሮ ይተርፋል። ግን አንዲትም መኪና በእጃቸው ሞተሯ ተነሥቶ አያውቅም። ሞተር የሚነሣው በመጨረሻው በር ላይ ነው። እዚያ «አውጪው» የምንለው ሹፌር ይቀበልና እስከ ማቆሚያው ሜዳ ይነዳታል። ሜዳው ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት ነው።

ባጭሩ ጋሽ ባለመሪ መንዳት አይችሉም ነበር። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ዓሣን «ዋና ትችላለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ? እሳቸውም አልዋሹም፤ ያልተጠየቁትን አልመለሱም እንጂ። ዝም አይነቅዝም። በዚያ ላይ በሠራተኞች ሰርቪስ ሲሄዱ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ወደ ቀኝ ትስባለች፤ አሳያት» ይሉታል ሹፌሩን። አሳይቷት ትክክል ሆኖ ሲገኝ፣ በከተማው ውስጥ ከእሳቸው የበለጠ ነጂ የለም የሚለው ወሬ ከራሳቸው ቀድሞ ቤታቸው ይገባል።

ባለቤታቸው እትዬ ባለክር ገበያ መሐል ክር፣ መርፌና ዚፕ ይሸጣሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃ ሲወጡ ያማቸዋል፣ ሲወርዱ ይብስባቸዋል። ጠዋት ጠዋት እቃ የታጨቀበት ትልቅ ቦርሳ አቅፈው ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ረዳቱ፣ «እማማ፣ ጠጋ» ይላቸዋል። የሚጠጉበት ቦታ ግን አያሳያቸውም። ምሽት ላይ ጋሽ ባለመሪ ቅባት ይዘው ጉልበታቸውን ያሹላቸዋል፤ ስለዚህ ሕመሙን ከሐኪም ቀጥሎ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ዓመት ፋብሪካው ያልታሰበ ነገር አደረገ። ለረጅም ዘመን አገልግሎት የሚሰጠው ሽልማት እስከዚያ ድረስ የግድግዳ ሰዓት ነበር። ጋሽ ባለመሪም በቤታቸው ሁለት ስለነበራቸው ሦስተኛውን የት እንደሚሰቅሉት እያሰቡ ነው ወደ አዳራሹ የሄዱት። ስማቸው ሲጠራ የተሰጣቸው የመኪና ቁልፍ ሆነ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ድምፅ ማጉያ አፋቸው ላይ ተደቀነና፣ የሚሉት ሲጠፋባቸው ልባቸው ውስጥ የነበረውን አወጡት።

«ከእንግዲህ ባለቤቴ እቃ ታቅፋ በታክሲ ገበያ አትሄድም» አሉ። «እኔ ራሴ አደርሳታለሁ።»

እትዬ ባለክር በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የጋሽ ባለመሪ ኑሮ በሁለት ነገር መካከል ተያዘ፤ በአንድ በኩል የሚስታቸው ጉልበት፣ በሌላ በኩል የራሳቸው ስም።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። አውጪው ቀድሞ ወደ መሪው ገባና፣ «ተሸላሚ በራሱ አይነዳም፣ ጋሼ፤ ዛሬ ሹፌርዎ እኔ ነኝ» አለ።

«ካልክ ምን አደርጋለሁ» አሉ ከኋላ ወንበር ሆነው። እፎይታቸውን ሁሉም ትሕትና ብሎ ተረጎመላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ባለክር ቦርሳቸውን አቅፈው መኪናዋ አጠገብ ቆሙ።

«ምነው ቆምሽ?»

«ልታደርሰኝ ነዋ።»

«አይ፣ ገና ሮዳጅ ላይ ናት።»

«ምን ላይ?»

«ሮዳጅ። አዲስ ሞተር እኮ እንደ አራስ ነው። ቀስ በቀስ ነው የሚለማመደው። ገና ከመምጣቷ ጭነት ጭነሽ አታንከራትቻትም።»

«እና ቆማ ነው የምትለማመደው?»

«መጀመሪያ ቆማ።»

ሮዳጅ ማለት አዲስ ሞተር በዝግታ እየተነዳ የሚፍታታበት ጊዜ ነው። እየተነዳ የምትለዋን ቃል ጋሽ ባለመሪ ዘለሏት። እትዬ ባለክርም የሞተር ሰው አይደሉምና ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።

ምክንያት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቶሎ ያልቅ ነበር። ግን መንገዳችን ላይ የሚኖረው ወንድ ሁሉ የፋብሪካው ሰው ነው፤ ሁሉም የየራሱን ሞያ ይዞ መጣላቸው። ጎማው አንድ ቀን በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እትዬ፣ አዲስ ጎማ ውስጡ ያለው ንፋስ እስኪረጋ መቆም አለበት» አለ። «ይኼን ያልሰማ ነው መሐል መንገድ ላይ የሚፈነዳበት።»

ቀጥሎ የፋብሪካው ቀለም ቀቢ፣ «ቀቢው» የምንለው፣ መጣ። ጣራዋን በአንድ ጣት ዳሰስ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። «ቀለሟ ገና ነው። ላይዋ ደርቆ ውስጧ እርጥብ ነው፣ እንደ ሰው። አቧራ ከነካት አለቀላት።»

«ታዲያ ፋብሪካችሁ በየቀኑ በተሳቢ የሚልካቸውስ?» አሉ እትዬ ባለክር። «ለሌላው አገር ሲሆን ቶሎ ይደርቃል?»

«ስለ ሌላው አገር እኛ ምን ቸገረን፣ እትዬ» አለ ቀቢው። «የርስዎ ናት ብዬ እንጂ።»

በመጨረሻ ሸራ አለበሷት። ምሽት ምሽት ሦስቱ ወንዶች ሸራውን ገለጥ አድርገው ይገቡና፣ በሮቿን ዘግተው ይጫወታሉ። ጋሽ ባለመሪ ከመሪው ፊት፣ ቀቢው ከጎን፣ ጎማው ከኋላ። ሰው ሲመጣ ዝም ይላሉ፤ ሲሄድ ይቀጥላሉ። እኔ ወዳጅነት መስሎኝ ነበር። ወዳጅነትም አልጠፋበትም። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ጋሽ ባለመሪ አንድ ጠዋት ሚስታቸውን ገበያ አድርሰው ቢመለሱ፣ ማታውን በየቤቱ «አንተስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ሁሉም ያውቁታል።

አንድ ቀን እትዬ ባለክር ከሚኒባስ ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸውና ወደቁ። ሰው ደግፎ ቤት አመጣቸው። ጉልበታቸው ተልጦ፣ ቦርሳው ተቀዶ፣ ክሩ በየቀለሙ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ባለመሪ ቅባቱን አምጥተው በርከክ አሉ።

«አሁንም ሮዳጅ ላይ ናት?» አሉ ሚስት።

«አዎ።»

«እሷስ በሰላም ትኑር።»

ጋሽ ባለመሪ እጃቸውን ታጥበው ወደ ግቢ ወጡ። ሸራውን ገልጠው ገቡ፣ ቁልፉን ሰኩ፣ እጃቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ከፊታቸው ግድግዳ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ወጥ ቤት አለ። አስነሥተው መቆጣጠር ቢያቅታቸው ማንን እንደሚያገኙ አሰቡና፣ ቁልፉን ነቅለው ወጡ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ሲነግሩኝም ስለ ጎረቤቱ ወጥ ቤት አብዝተው አወሩና፣ ስለ ስማቸው ምንም ሳይሉ አለፉ።

ያኔ ነው የፋብሪካው ማስታወቂያ ክፍል ልጅ የመጣችው። ቀልጣፋ፣ ሳቂታ ልጅ ናት።

«አባባ፣ ቅዳሜ ፊልም ልናነሣዎ ነው። መሪውን የገጠመው እጅ መሪውን ጨብጦ ሲነዳ። አይጨነቁ፣ ቀላል ነው። ከግቢዎ ይወጣሉ፣ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ ታች ሲደርሱ ቆም ብለው ፈገግ ይላሉ። በቃ።»

ጋሽ ባለመሪ ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ቁልቁለት» የምትለዋን ነው። ማታ መኪናዋ ውስጥ ለሁለቱ ወዳጆቻቸው ተናገሩ።

«ወንድሞቼ፣ እኔ እኮ አልችልም።»

ቀቢው በእጁ የውስጥ መብራቱን ነካ ነካ አደረገ። በመጨረሻ ጎማው፣ «ቁልቁለት ከሆነ ምን መቻል ያስፈልገዋል?» አለ።

በፋብሪካው ሰንሰለቱ በቆመ ቁጥር መኪና በእጅ ይገፋል፤ አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌሎቹ ከኋላ ጎንበስ ብለው ይገፋሉ። ይህን ሥራ ሦስቱም ከማንም በላይ ያውቁታል። ስለዚህ ነገሩ ከማታለል ይልቅ ትርፍ ሰዓት መሰላቸው። አውጪው እንዲነዳ እንለምነው ብሎ ያሰበ የለም፤ አውጪው ወሬኛ ነው።

ቅዳሜ ካሜራው ቁልቁለቱ መሐል ተተከለ። ጎማውና ቀቢው ከግቢው አጥር ጀርባ ተሸሸጉ። ጋሽ ባለመሪ ቁልፉን አንድ እርምጃ ብቻ አዞሩ፤ ቁልፍ ካልዞረ መሪ እንደሚቆለፍ ማን ሊነግራቸው? ማርሹን ዜሮ ላይ አደረጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። ሁለቱ ገፉ። መኪናዋ ከበሩ ወጣች፣ አፍንጫዋን አዘቀዘቀች፣ መንከባለል ጀመረች።

ጋሽ ባለመሪ ስለዚያች ቁልቁለት ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸው ይቀየራል። ዕድሜ ልካቸውን ያዞሩት መሪ ሁሉ ባዶ ነበር፤ ያዞሩታል፣ ይለቁታል፣ ምንም አይከተለውም። ያን ቀን ግን ትንሽ ወደ ግራ ሲሉ መንገዱ ወደ ግራ መጣ። ወደ ቀኝ ሲሉ አጥሩ ራቀላቸው። «ለካ መልስ አለው» አሉኝ። ታች ሲደርሱ የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ሳብ አደረጉና፣ አንድ የድንጋይ ክምር አጠገብ ቆመው ፈገግ አሉ። ፈገግታው እውነተኛ ነበር።

ማዳመጫ ጆሮው ላይ የሰካው ድምፅ ቀራጭ ፊቱን አጨማደደ።

«ሞተሩ አይሰማኝም» አለ።

«ምንም?» አለች ልጅቱ።

«ምንም። የወፍ ድምፅ እየሰማሁ ሞተር አልሰማም።»

ልጅቱ ለአፍታ አሰበች፤ ከዚያ ፊቷ በራ። በወሩ መጨረሻ በየአደባባዩ የጋሽ ባለመሪ ፊት ቤት አክሎ ተሰቀለ፤ ከሥሩ «ከሐሳብዎ በቀር ምንም የማይሰሙባት» የሚል ተጽፎበት። የማስታወቂያው ነገር ግን በኋላ የመጣ ነው። የዚያን ቀን ገና ካሜራው ሳይነሣ፣ ሌላ ጣጣ ቁልቁለቱን እያነከሰ በመውረድ ላይ ነበር።

እትዬ ባለክር ናቸው። የተሰፋች ቦርሳቸውን አቅፈው መጡ፣ የፊልም ሰዎቹን በደንብ ሸኙ፣ የመኪናዋን በር ከፍተው ከጎን ተቀመጡ።

«በል እንግዲህ፤ ሮዳጁን ጨርሳለች። ቅዳሜ ገበያ ነው።»

ጋሽ ባለመሪ መሪውን እንደያዙ ቀሩ።

«አስነሣት እንጂ።»

«አስነሥቼ አላውቅም።»

«ዛሬ?»

«ከተፈጠርኩ።»

እትዬ ባለክር ዞረው አዩአቸው። በዚህ መሐል ጎማውና ቀቢው ላባቸውን እየጠረጉ፣ ፊታቸው ላይ የድል ስሜት እንዳለ ደረሱ። እትዬ ባለክርን ሲያዩ ድሉ ከፊታቸው ወረደ።

«ጎማው፣ አንተ አድርሰኛ» አሉ እትዬ።

«እኔማ ጎማ ነኝ፣ እትዬ።»

«አንተስ?»

«ቀለም» አለ ቀቢው፣ ወደ ጫማው እያየ።

«መንገዱ ሙሉ ወንድ አንድ ነጂ የለውም?»

ከሩቅ የሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ።

«እናቴ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ስትል፣ አህያዋ እኔ መሆኔን ሳልጠረጥር መኖሬ» አሉ እትዬ ባለክር። ቀስ ብለው እግራቸውን አወጡ፣ በሩን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሌላውስ ይሁን። ማታ ማታ ጉልበቴን ስታሽልኝ፣ አፍህ የት ነበር?»

ይህን ብለው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። ጋሽ ባለመሪ፣ ሰው ብዙ ሊለኝ ይችላል ብለው የፈሩት ሁሉ ከዚህች ጥያቄ ጋር ሲመዘን ላባ ሆነባቸው። መኪናዋን ዳገት ሽቅብ መግፋት ስላልተቻለ አውጪው ተጠራ፤ ነገሩም ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው ገባ። የሚገርመው ማንም አልሳቀባቸውም። ለመሳቅ መንጃ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር።

በማሽከርከር ትምህርት ቤት ጋሽ ባለመሪ ሊመዘገቡ ነበር። ግን ትምህርት ቤቱ በር ላይ የራሳቸው ፊት ተሰቅሏል። ከፊታቸው ሥር አልፈው «ፍሬን የትኛው ነው?» ብለው መጠየቅ አልሆን አላቸው። እትዬ ባለክር ተመዘገቡ።

«ጉልበትሽስ?» አሉ ባል።

«የሚነዳው ተቀምጦ ነው። ይህን እንኳ አታውቅም?»

አስተማሪው፣ «እትዬ፣ ቤትዎ እኮ ያን የሚያህል ነጂ አለ» ሲላቸው፣ «እሱ የሚነዳው በጸጥታ ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም» ብለውታል። በሚማሩባቸው ቀናት ጋሽ ባለመሪ የዓመት ፈቃዳቸውን እየቆረሱ ሱቅ ይጠብቁ ጀመር። ዚፕ ለጠየቃቸው አዝራር እየሰጡ፣ በክር ቀለም እየተከራከሩ ነው የከረሙት። አንዷ ደንበኛ፣ «ይህ እኮ አረንጓዴ ነው፤ እኔ ሰማያዊ ነው ያልኩት» ስትላቸው፣ «ገና አዲስ ነው፣ እየቆየ ይመለሳል» ብለዋት ተናዳ ሄዳለች።

ማስታወቂያው ግን ሠራ። ጸጥተኛዋን መኪና የፈለገ ከየቦታው አዘዘ፤ ፋብሪካው ፈረቃ ጨመረ፣ ሻይ ቤቶች ወንበር አስጨመሩ። አንዳንድ ገዢ «የእኔዋ ለምን ትጮሃለች?» ብሎ ሲደውል፣ ከማስታወቂያ ክፍል የሚሰጠው መልስ «ገና ሮዳጅ ላይ ስለሆነች ነው» የሚል እንደሆነ ሰምቻለሁ። ማን እንዳስተማራቸው አልጠየቅሁም።

እትዬ ባለክር ፈተናውን በሁለተኛው አለፉ። በመጀመሪያው የወደቁት በቀስታ ነድተው እንደሆነ ይናገራሉ፤ ፈታኙ ግን እንቅልፍ እንደወሰደው ነው የሚወራው። ፈቃዱን በእጃቸው ባስገቡ ማግሥት ጠዋት ሸራውን ራሳቸው ገፈው ጣሉ። ሞተሩ ሲነሣ ከየአጥሩ ሴቶች ብቅ ብቅ አሉ። የጎማው ሚስት ያለ ግብዣ ከጎን ገባች። የቀቢው ሚስት ከኋላ። ጋሽ ባለመሪ ቦርሳውን አቅፈው በተረፈችው ቦታ ተቀመጡ።

«ጠጋ በል» አሏቸው ሚስታቸው በመስታወቱ እያዩ።

ሰርቪስ መጠበቂያው ጋ ሲደርሱ ወንዶቹ ተሰልፈው ነበር። እትዬ ባለክር ዝግ አሉ። የጎማው ሚስት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ባሏን አየችው። ጎማው ሰማዩን ያይ ጀመር።

«ጋሼ» አለ ቀቢው በመስኮቱ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጉድ ሠሩን እኮ።»

«እኔ ምን አደረግሁ? እቃ ይዣለሁ።»

በዚያው ሰሞን ከመንገዳችን ብቻ ስምንት ሴቶች ተመዝግበዋል። ወንድ እስካሁን አልተመዘገበም፤ ሁሉም የሚጠብቀው ሌላው እንዲጀምር ነው።

የዚያን ጠዋት ግን ፋብሪካው በር ላይ ሌላ ነገር ገጠማቸው። ዘበኛው መኪናዋን ሲያይ ደንግጦ ተነሣ። ከዚያ በር መኪና ሲወጣ እንጂ የሠራተኛ መኪና ሲገባ አይቶ አያውቅም።

«የት ልታቆሟት ነው?» አለ።

«የሠራተኛ ማቆሚያ የት ነው?» አሉ እትዬ ባለክር።

ዘበኛው ወደ ውስጥ አየ፤ እስከ ዓይን ጥግ የተደረደሩ አዳዲስ መኪኖች ናቸው። ወደ ውጭ አየ፤ የእግረኛ መንገድ ነው። «እሱ እንኳ አልተሠራም» አለ። «አለቃ ልጥራ?»

«አልቆምም፤ ገበያ ይረፍድብኛል። ውረድ በል አንተ።»

ጋሽ ባለመሪ ቦርሳውን ለቀቢው ሚስት አስረክበው ወረዱ። በሩን ዘግተው በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ማታ ትመጪልኛለሽ?»

እትዬ ባለክር ማርሽ አስገቡ፤ ትንሽ ተንገጫገጨችባቸውና ተስተካከለች።

«ገበያው ቶሎ ከለቀቀኝ» አሉ። «ብቻ ሰርቪሱን አትልቀቅ።»